አምቦ ወይስ አምባ፦ የወፍራምና ክብ ፊደል ጥያቄ

ወፍራምና ክብ የማስታወቂያ ፊደል የሚባለው መስመሩ ደልደል ያለ፣ ጫፉና ማዕዘኑ የተድበለበለ፣ ለመጽሐፍ ገጽ ሳይሆን ለታፔላ፣ ለባነር፣ ለጠርሙስ መለያና ለርዕስ የሚመረጥ የፊደል ዐይነት ነው። የመጀመሪያ ሥራው ከሩቅ መታየት ነው፤ መነበቡ ከዚያ ይከተላል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ባኮ የሚደርስ ተጓዥን በየከተማው መግቢያ የሚቀበለው ይኸው ፊደል ነው። መድኃኒት ቤቱም፣ ጎማ ጠጋኙም፣ ኮሌጁም፣ ሥጋ ቤቱም፣ የጉባኤ ባነር የሰቀለው ጸሎት ቤትም በአንድ ዐይነት ወፍራም ፊደል ይጣራሉ።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የሥጋ ቤቱ ስምና የእግዚአብሔር ስም በአንድ ፊደል፣ በአንድ ውፍረት ሲጻፉ ፊደሉ ስለ ሁለቱ የሚናገረው ነገር አለ? ወይስ ቃሉ ያው ቃል ስለሆነ ቢወፍርም ቢቀጥንም ለውጥ የለውም? በአጭሩ፣ የፊደል ቅርጽ የቃል ልብስ ነው ወይስ አካሉ? ጉዳዩ የማስታወቂያ ሠሪና የማተሚያ ቤት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ፈላስፎችም የሃይማኖት ሊቃውንትም በሌላ በሌላ ስም ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ልብስ ነው የሚለው ወገን ጎበዝ ጠበቃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930 ቢያትሪስ ዋርድ የተባለች የኅትመት ምሁር ለንደን ውስጥ ለሙያ ባልደረቦቿ ባሰማችው ንግግር ጥሩ ኅትመት ራሱን የማያሳይ ኅትመት ነው ብላ ተከራከረች። ምሳሌዋ የወይን ጠጅ ነበር። ወይን የሚያውቅ ሰው ካጌጠ የወርቅ ዋንጫ ይልቅ ጥርት ያለ ብርጭቆ ይመርጣል፤ ብርጭቆው መጠጡን አይጋርድበትምና። ፊደልም እንዲሁ ሐሳብን አሳልፎ ማሳየት እንጂ ራሱ መታየት የለበትም። በአጋጣሚ የአምቦ ውኃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረውም በዚያው በ1930 ነው ይባላል። አምቦ አጠገብ በሰንቀሌ ከምድር እየፈላ የሚወጣው ውኃ መስተዋት ውስጥ ሲገባ ግን መስተዋቱ ብቻውን አልበቃም። ጠርሙሱ ላይ ስም መጻፍ አስፈለገ።

የዋርድ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ብርሌ የሚወደደው የጠጁን ቀለም ስለሚያሳይ ነው። ሆኖም ብርሌም ቅርጽ አለው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ አያያዙም አጠጣጡም የራሱ ነው። ያንኑ ጠጅ በቡና ሲኒ የቀረበለት እንግዳ ጠጅ ጠጣሁ ብሎ ለመናገር ይከብደዋል። ፈጽሞ የማይታይ ዕቃ የለም ማለት ነው፤ ፈጽሞ የማይታይ ፊደልም የለም። የለመድነውን አናየውም፣ ያልለመድነው ዐይናችንን ይስበዋል፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

በሃይማኖት በኩልም የልብስ ወገን ድጋፍ አያጣም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ፊደልንና መንፈስን ለይቶ፣ ሕይወትን ለመንፈስ ሰጥቷል። ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ሕግ እንጂ ስለ ታፔላ አይደለም፤ ግን ክርክሩን ያወቀ ሰባኪ ባነሩ በምን ፊደል ተጻፈ ብሎ አይጨነቅም። ከክርስትናም ከእስልምናም ውጭ በዚህ አገር የነበረው ልማድ ደግሞ ፊደልን ጨርሶ አላስፈለገውም። በምዕራብ ሸዋ በሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ሕግ ሲደነገግ የኖረው በቃል ነው፤ ሕጉ የተጠበቀው በሽማግሌ ትውስታ፣ በጉባኤና በበትር ሥርዓት ነው። ቃል ያለ ፊደል ሙሉ ሆኖ መኖር ከቻለ፣ ፊደል የቃል አካል ነው የሚለው አባባል ከመነሻው ይናጋል።

ይህ መከራከሪያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን በኦዳው ጥላ ሥር የተነገረው ቃልም ያለ አካል አልነበረም። የተናጋሪው ድምፅ ነበረው፤ ዕድሜው፣ አቋሙ፣ በእጁ የያዘው የገዳ በትር፣ ቦኩ፣ ነበረው። ያንኑ ሕግ አንድ ልጅ እየሮጠ ቢለፍፈው ሕግ አይሆንም። ከአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ መድረክ ላይ ሲያቆም ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር፤ አንድ ቃል በሁለት ተዋንያን አፍ ሁለት ነገር ይሆናል። ፊደል ሲመጣ አካሉ ከድምፅ ወደ መስመር ተዛወረ እንጂ አዲስ አልተፈጠረም። የመስመር ውፍረት በጽሑፍ ውስጥ የድምፅን ጉልበት ተክቶ ይሠራል።

አካል ነው የሚለው ወገን ጥንታዊ ምስክሩ ፕላቶ ነው። «ክራቲሎስ» በተባለው ድርሰቱ ስም ለነገሩ በተፈጥሮ ይስማማል ወይስ በሰዎች ስምምነት ብቻ ይወጣል የሚለውን ሲያከራክር፣ ሶቅራጥስ አንዳንድ ድምፆች የነገሩን ጠባይ በራሳቸው ይዘዋል ብሎ ይሞክራል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የ«ኦ» ድምፅ ነው፤ ግሪክኛው ክብ ለሚለው ቃል ያንን ድምፅ የመረጠው ድምፁ ለክብነት ስለሚስማማ ነው ይላል። ሶቅራጥስ ኋላ ላይ ራሱ ሐሳቡን ይጠራጠረዋል። ይሁንና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ጉዳዩ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቮልፍጋንግ ኮለር እ.ኤ.አ. በ1929፣ ከእርሱም በኋላ ራማቻንድራንና ሃባርድ በ2001 ለሰዎች ሁለት ቅርጾች አሳዩ፤ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ ሹልሹል። ትርጉም የሌላቸውን እንደ «ቡባ» እና «ኪኪ» ያሉ ስሞች ከቅርጾቹ ጋር አዛምዱ ሲባሉ አብዛኞቹ «ቡባ»ን ለድቡልቡሉ ሰጡ።

አምቦ የሚለው ስም በዚህ መለኪያ «ቡባ» ነው። «ም» እና «ብ» ከንፈር ገጥሞ የሚወልዳቸው ናቸው፤ «ኦ» ከንፈርን ያከባል። በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ፣ ሲጻፍ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኦ» ስለሚረዝም ሁለት ቀለበቶች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ወፍራምና ክብ ፊደል ይህን ስም ሲያገኝ የራሱን ዘመድ እንዳገኘ ይቆጠራል፤ ቅርጹ፣ ድምፁ፣ በአፍ የሚፈነዳው የውኃ አረፋ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ። «ጊንጪ» ግን እንዲህ አይደለም። ቃሉ ከንፈር ሳይገጥም የሚወጣ፣ ስለት ያለው ነው፤ በድቡልቡል ፊደል ሲጻፍ የሆነ ነገር እንዳልገጠመ ይሰማል፣ ምን እንደሆነ መናገር ቢያስቸግርም።

የኢትዮጵያ የጽሕፈት ልማድ በዚህ ክርክር ውስጥ የያዘው ቦታ ግልጽ ነው፤ ከአካል ወገን ነው። በብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ሁለት ቀለም ይይዛል። ጥቁሩ ለሁሉም ቃል ነው፤ ቀዩ ለሥላሴ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ነው። በምኒልክ ዘመን በተተከለችው በአዲስ ዓለም ማርያምም ሆነ ከእርሷ በሚቀድም ጥንታዊ ደብር አንድ የብራና ገጽ ሲገለጥ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የከበረው ስም የት እንዳለ በዐይኑ ያገኘዋል። ድምፁ አልተለወጠም፤ «ማርያም» በጥቁርም በቀይም ማርያም ነው። የተለወጠው ክብሩን የሚሸከመው አካል ነው።

ውፍረትም በዚያ ልማድ ውስጥ ስም ነበረው። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በጎንደር ዘመን፣ «ጉልህ» የሚባል ትልቅና ወፍራም የእጅ ጽሕፈት ተስፋፍቶ ነበር፤ ከእርሱ በተቃራኒ ቀጭኑና ደቃቁ «ረቂቅ» ይባላል። ጉልሁ ብራና ይፈጃል፣ ቀለም ይፈጃል፣ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ውፍረት ወጪን፣ ወጪም ክብርን ያሳይ ነበር። አንድ ሰው ጤና ሲያጣ የሚጻፍለት የክታብ ጥቅልል ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ርዝመቱ በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይለካል። እዚህ ላይ ጽሑፍ አካል ነው ማለት ዘይቤ መሆኑ ቀርቶ በክንድና በስንዝር የሚለካ ነገር ይሆናል። የእስልምናው ዓለምም በራሱ መንገድ እዚሁ ደርሷል፤ ሥዕል ከመስጊድ ሲርቅ የቁርኣን ፊደል ራሱ ጌጥና ግርማ ሆነ።

የቅኔ ቤት ሰው እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ማንሣቱ አይቀርም። ምሳሌው በየቦታው ስለሚጠቀስ ተሰልችቷል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው የሚጠቀሰው። ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል፣ ወርቁ ይቀራል ይባላል። አንጥረኛው የሚያውቀው ቀሪ ግማሽ ደግሞ ወርቁ የሰሙን ቅርጽ ይዞ እንደሚቀር ነው። ሰሙ ላይ ያለ ጭረት ወርቁ ላይ ይወጣል። ቅርጽን ከቃል ገፍፎ ንጹሕ ትርጉም ላገኝ እችላለሁ የሚል ሰው ቀለበቱን እንጂ ቀለበቱ የፈሰሰበትን አላየም።

ከብራና ወደ ብረት ፊደል ሲኬድ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተቀዛቀዘ። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ፣ ዮሐንስ ፖትከን ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ በ1548 አባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳንን በዚያው ከተማ ማሳተም ጀመሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የጽሕፈት መኪናው በኢንጂነር አያና ብሩ ጥረት ለአማርኛ ሲሠራ ሙሉውን ገበታ መሸከም ስላልቻለ፣ የፊደሉን ግንድ ለብቻ፣ ምልክቱን ለብቻ እያደረገ ይለጥፍ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት የነበረው ችግር ፊደሉን ማግኘት ነበር፤ ለማስጮህ ጊዜ አልተረፈም። ትልቅ ርዕስ ካስፈለገ የሚሣለው በእጅ ነው።

በምዕራቡ ዓለም ግን ወፍራምና ክብ ፊደል በዚያው ጊዜ የራሱን ገበያ አገኘ። ኦስዋልድ ኩፐር በቺካጎ የሣለው ኩፐር ብላክ እ.ኤ.አ. በ1922 ወጣ፤ እግሮቹ እንደ ትራስ ያበጡ፣ ማዕዘን የሚባል የሌለው ፊደል ነው። በ1979 ቮልስዋገን ለራሱ ያሠራው ቫግ ራውንድድ ተከተለ። ክብነት የመጣው ከፍልስፍና ብቻ አይደለም፤ ዕቃውም ያስገድዳል። ኒዮን መብራት ቱቦ ስለሆነ ጫፉ ክብ ነው፤ ፎምና ፕላስቲክ የሚቆርጠው ራውተር ምላጩ ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘን ሹል ሊያወጣ አይችልም፤ የቀለም ቡሩሽም ሲነሣ ክብ አሻራ ይተዋል። አምቦ ውስጥ በእጁ ታፔላ ይጽፍ የነበረ ሠዓሊ ኩፐርን ሳያውቅ ክብ ፊደል ይጽፍ ነበር።

ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ በተለይም የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ አማርኛ ፎንት ማግኘት ቀላል ሆነ። ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ኖቶ፣ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች፣ በቁም ጸሐፊው በይገዙ ብሥራት ስም የተሰየሙትም ሳይቀሩ በየማስታወቂያ ቤቱ ይገኛሉ። ከሥር ጀምሮ ለወፍራምነትና ለክብነት ተብሎ የተሣለ የግዕዝ ፊደል ግን ከላቲኑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ለላቲን 52 ትልልቅና ትንንሽ ፊደሎች፣ ከእነርሱም ጋር ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ቢሣል አብዛኛው ሥራ ያልቃል። ግዕዝ 33 ፊደል በ7 ቤት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹና ሌሎቹ ሲታከሉ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ ማስታወቂያ ሠሪው አቋራጭ ይፈልጋል፤ ለመጽሐፍ የተሣለውን ፊደል ይመርጥና ዙሪያውን መስመር ጨምሮ ያወፍረዋል። ይህ መወፈር አይደለም፣ ማበጥ ነው።

የዚህን ጉዳት ለማየት የከተማዋን ስም ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። «በ» ሁለት እኩል እግሮች አሏት። ራብዑ «ባ» የግራ እግሯ አጥሮ ቀኙ ይረዝማል፤ ሳብዑ «ቦ» የቀኝ እግሯ አጥሮ ግራው ይረዝማል። «አምቦ»ን ከ«አምባ» የሚለየው አንዱ እግር ከሌላው መርዘሙ ብቻ ነው። ለታፔላ የሚሠራ ወፍራም ፊደል ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ እግርን ያሳጥራል፣ ውፍረትን ይጨምራል፣ ጫፍን ያድበለብላል፤ እግሩ ባጠረ ቁጥር የሁለቱ እግሮች ልዩነት አብሮ ያጥራል። በሃምሳ ሜትር ርቀት፣ በሚሄድ መኪና ውስጥ ላለ ሰው፣ ከተማዋ ተራራ ትሆናለች። የአገሩ ሰው ከልማድ አንብቦ ያልፋል፤ እንግዳው ነው የሚደናገረው።

ቀለበቱ ደግሞ ከእግሩ የባሰ ነው። በየታፔላው በብዛት የሚገኘው ቃል «ቤት» ነው፦ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ፎቶ ቤት። «ቤ» ከ«ቢ» የምትለየው እግሯ ሥር ባለችው ቀለበት ነው፤ «ቢ» ጭረት ብቻ ናት። ፊደሉ ሲያብጥ የቀለበቷ ዐይን ይጠፋል፣ ቀለበት የነበረው ጉብታ ይሆናል፣ «ቤት» «ቢት» ይሆናል። ቁርስ ቤት በር ላይ ያለውን «ጨጨብሳ» ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። «ጨ» ከ«ጠ» የምትለየው ግራና ቀኝ ባሉት ቀለበቶች ስለሆነ፣ አራቱም ዐይኖች ሲደፈኑ የሚቀረው ማንም በልቶት የማያውቅ «ጠጠብሳ» ነው። ደንበኛው ሽታውን ተከትሎ ስለሚገባ ባለቤቱ አልተጎዳም። ፊደሉ ግን ተጎድቷል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ለዋናው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ቅርጽ ልብስ ቢሆን ኖሮ ምንም ያህል ቢወፍር ከሥሩ ያለው ቃል አይነካም ነበር፤ ካፖርት ደርቦ የመጣ ሰው ሌላ ሰው አይሆንም። ፊደል ግን ከተወሰነ ልክ አልፎ ሲወፍር ሌላ ፊደል ይሆናል። እንዲህ ያለ ልክ ያለው ነገር አካል ነው። ወፍራም መሆን ይችላል፣ ቀጭን መሆን ይችላል፤ የሚለየው ብልቱ ሲጠፋ ግን ማንነቱ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ደህና የሆነ ወፍራም ፊደል የሚሣል ሰው ከጠርዙ ወደ ውጭ አያወፍርም። መጀመሪያ ዐይኑን ይጠብቃል። ቀለበቷን ከልማዱ ይልቅ ያሰፋታል፣ አጭሩን እግር ይበልጥ ያሳጥረዋል፣ ጭረቷን ከግንዱ ራቅ አድርጎ ያወጣታል፤ ውፍረቱን የሚሰጠው ለሚሸከመው ለግንዱ ነው። እንዲህ የተሣለ ፊደል ከሩቅ ሲታይ ካበጠው ይልቅ ቀጭን ይመስላል፣ ከእርሱ ይልቅ ግን ይነበባል።

በምዕራብ ሸዋ ጥያቄው በአንድ ፊደል አያበቃም፤ ታፔላው ሁለት ፊደል አለው። ከላይ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ከሥር አማርኛ በፊደል፣ አንዳንዴም እንግሊዝኛ ይጨመራል። ሁለቱ ጽሕፈቶች ሁልጊዜ ጎን ለጎን አልነበሩም። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና ሲታተም በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ግዕዝ ለሌለው የኦሮምኛ ድምፅ «ዸ» አገልግላለች። ቁቤ በይፋ የተመረጠው በ1984 ዓ.ም. ነው። አናባቢው ሲረዝም ይደገማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅ ይደገማል፤ ስለዚህ ያው ስም በቁቤ ረዘም ይላል። አምቦ በፊደል 3፣ በቁቤ 5 ሆሄ ነው።

ማስታወቂያ ሠሪው ለላይኛው መስመር ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣውን ኩፐር ብላክ ወይም ኤሪያል ራውንድድ ያነሣል፤ እነዚህ ለዓመታት ታስቦባቸው የተሣሉ ናቸው። ለታችኛው መስመር ያንኑ የሚመስል ስለማያገኝ ያሳብጣል፣ ወይም ቀጭኑን እንዳለ ያስቀምጣል። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ዘመን፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ አማርኛው ትልቅና ጉልህ፣ ኦሮምኛው ጨርሶ የሌለ። ሁለቱንም ያየ አላፊ አግዳሚ ፎንት ጠፍቶ ነው ብሎ አያስብም። ማን ከበረ፣ ማን ተናቀ ብሎ ያነባል። ይህ ንባብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ግን ከየት እንደሚመጣ መረዳት አያስቸግርም። ጉልሁ የክብር ምልክት ሆኖ በኖረበት አገር ውፍረት ገለልተኛ ሊሆን አይችልም።

ፍትሕ እዚህ ላይ በቁጥር አይገኝም። ሁለቱን መስመሮች በአንድ የፎንት መጠን መጻፍ እኩል አያደርጋቸውም። ላቲን ትልቅና ትንሽ ሆሄ አለው፤ ግዕዝ ያ ልዩነት ስለሌለው ቁመቱ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በመጠን ቁጥር እኩል ሆነው በዐይን አንዱ ያንሳል። እኩልነት የሚገኘው የጥቁረት መጠናቸውን በማስተያየት ነው፦ ዐይን ጨፈን ሲል ሁለቱ መስመሮች እኩል ጥላ የሚጥሉ ከሆነ ተመጣጥነዋል። በምዕራብ ሸዋ ቋንቋ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል፤ የአንድ መስመር ውፍረት ቢመዘን ትርፍ ጭንቀት አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የእውነት ጥያቄ ነው። ክብ ፊደል ገር ይመስላል። የማይቆርጥ፣ የማይወጋ፣ የሕፃን ጉንጭ የሚያስታውስ ነው፤ ለዚህም ነው አይስክሬምና የሕፃናት መዋያ የሚመርጡት። ያንኑ ፊደል አራጣ የሚያበድር ቢለጥፈው ፊደሉ ዋሸ ይባላል? ፊደል በራሱ አይዋሽም፤ ውሸት የሚባለው ነገር ተናጋሪ ይፈልጋል። ግን ድምፁን አለስልሶ የሚያታልል ሰው አታላይ እንደሚባል፣ ቅርጹን አለስልሶ ያስጻፈም ከዚያው ይመደባል። ቃላቱ ሁሉ ትክክል ሆነው መልእክቱ ሐሰት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቅርጽ ልብስ ነው የሚለው ክርክር ሰበብ ሆኖ ያገለግላል፤ «እኔ የጻፍኩት እውነት ነው፣ ፎንቱን የመረጠው ማስታወቂያ ቤቱ ነው» ማለት ይቻላልና።

በመጨረሻ ወደ ባነሩ መመለስ ያሻል። ቀይ ቀለም የተቀደሰውን ስም ከሌላው ለይቶ ያከብር የነበረው ገጹ በሙሉ ጥቁር ስለነበረ ነው። ቀይ በቀይ የተጻፈ ብራና ቢኖር ክብሩን ማንም አያገኘውም። ዛሬ በአንድ የጉባኤ ባነር ላይ የኢየሱስ ስም፣ የሰባኪው ስም፣ የአዳራሹ ስም፣ የስልክ ቁጥሩና «መግቢያ በነፃ» የሚለው ሁሉ በአንድ ወፍራምና ክብ ፊደል ይጻፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሁሉ የሚልቀው የሰባኪው ስም ነው። የበዓል ማስታወቂያ የሚሰቅሉ አድባራትም ከዚህ አያመልጡም። ይህ ኑፋቄ አይደለም፣ ቸልተኝነት ነው። ቢሆንም የብራናው ጸሐፊ በዚህ ጉዳይ ከዛሬው ዲዛይነር የተሻለ የነገረ መለኮት ዕውቀት ነበረው ማለት ይቻላል፤ ምን እንደሚያከብር ያውቅ ነበር፣ ለማክበርም ሌላውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጌዶም ሆነ ባኮ ታፔላ የሚያሠራ ሰው፣ ንግድ ቤትም ይሁን ደብር ወይም ጸሎት ቤት፣ ክፍያውን ከመጨረሱ በፊት ሥራውን በወረቀት አሳትሞ ከመንገዱ ማዶ ይስቀለው። ከዚያ ሀሁ ቆጥሮ ገና የጨረሰ ልጅ ጠርቶ ያስነብበው። ልጁ «አምባ» ካለ ስህተቱ የልጁ አይደለም፤ ፊደሉ ይመለስ።